ከአዲስ አበባ ናይቫሻ፦ በአባዬ ደብተር

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. — ከአዲስ አበባ ዲላ

ከቤት የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ መሪ ይዟል፤ እማዬ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ ከስንቁ ጋር ታጭቄያለሁ። ቮልስ ዕቃ የምትጭነው ከፊት ነው። የፊቱን ኮፈን ግን ትርፍ ጎማውና የአባዬ የመፍቻ ሳጥን ስለሞሉት ዳቦ ቆሎው፣ በሶውና ሁለቱ ጀሪካን ለእኔ ደረሱኝ። የሰፈራችን ዘበኞች የሞተሯን ድምፅ ሲሰሙ ብድግ ብድግ አሉ። ዓመት ሙሉ አልሰሟትም።

አባዬ ያረፈው አምና በየካቲት ነው። ዘንድሮ ሁዳዴ ሳይገባ ሙት ዓመቱን አወጣን። ዘመድ ተበትኖ ድንኳኑ ሲፈርስ ወንድሜ "በቃ እንሂድ" አለ። ወዴት ብሎ የጠየቀው የለም። እኛ ቤት መሄድ ከተባለ ናይሮቢ ነው፣ ናይሮቢ ከተባለ ሳፋሪ ራሊ፣ የኬንያው የመኪና ውድድር ነው። አባዬ 31 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ አሰብ ወርዷል፣ ሞያሌ ደርሷል። ሳፋሪን ግን አንድም ቀን በዓይኑ ሳያይ ሄደ።

እጄ ላይ ደብተሩ አለ። ባለ 50 ሉክ ነው፣ ሽፋኑ በፕላስተር ተጠግኗል፣ ግሪስ ግሪስ ይሸታል። ከፊት ሲገለጥ መንገድ ነው፦ የአዲስ አበባ ሞያሌ መንገድ ጥምዝ በጥምዝ። ከኋላ ሲገለጥ በፈረንጅ ዓመት የተጻፈ የሳፋሪ አሸናፊዎች ዝርዝር ነው። "1962 — ፍያስታድ — ቮልስ" የሚለው ሥሩ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል። ቮልሷን የገዛው በዚህ መስመር ምክንያት እንደሆነ ጠላትም ወዳጅም ያውቃል። ከሥሩ ደግሞ "1963 — ኖዊኪ — ፔጆ 404። 84 ወጡ፣ 7 ገቡ" ይላል። ሌላ ቤት ልጅ ስንዝሮን እየሰማ ሲተኛ እኛ ሰባቱን እየሰማን ነበር የምንተኛው። እንዴት ጭቃው እስከ መስኮት እንደ ደረሰ፣ ወንዙ ድልድዩን ይዞት እንደ ሄደ፤ ግማሹን ከራሱ እንደሚጨምር አሁን ይገባኛል። ሰማንያ አራቱና ሰባቱ ግን እውነት ናቸው።

ራሊውን እንግሊዞች የጀመሩት በፈረንጆች 1953 ነው፣ ንግሥታቸው ዘውድ ስትጭን ለማክበር። በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን (የዛሬዋን ታንዛኒያ) የሚያዞር ውድድር ነበር። ዙሪያውን በአጥር የታጠረ ሜዳ የለውም። ሰው፣ ከብትና አውቶቡስ በሚሄድበት አቧራ መንገድ ላይ ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ጭቃ ላይ። አባዬ "ሌላው ውድድር የመኪና ነው፣ ይሄ የሾፌር ነው" ይል ነበር።

እንዲህ የሚለው ሰውዬ ራሱ እንዴት ይነዳ ነበር ቢባል፣ እኛን ይዞ ከ60 አልፎ አያውቅም። ደብረ ዘይት ሐይቅ ልንዝናና ስንሄድ የጭነት መኪና ሳይቀር ክላክስ እያደረገ ያልፈን ነበር። ወንድሜ በሀፍረት ወንበር ሥር ይደበቃል። አባዬ መስታወቱን አስተካክሎ "ልጅ ጭኛለሁ" ይላል፣ ለሚያልፈው ሰው የሚነግር ይመስል።

ወንድሜም ዛሬ በ60 ነው የነዳው። አልጠየቅሁትም።

ደብተሩ ውስጥ ያሉት ከተሞች በድሮ ስማቸው ናቸው፤ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱ ዝዋይ፣ ቡሌ ሆራ ሀገረ ማርያም። ዝዋይ ምሳ ሰዓት ደረስን። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር እንደ ወትሮው በወንድሜና በእማዬ መካከል ተነሣ፤ እንደ ወትሮው እማዬ አሸነፈች፤ ሽሮ በላን። ከሐይቁ ማዶ የአበባ እርሻዎቹ ፕላስቲክ ጣራ ያብረቀርቃል። ሐዋሳን ሳንቆም አለፍን። ዲላ 12 ሰዓት ሳይሞላ ገባን፣ ምክንያቱም በዚህ መንገድ ዛሬ ዛሬ በጨለማ አይነዳም።

እሑድ፣ መጋቢት 15 — ከዲላ ያቤሎ

ዕለቱ ምኩራብ ነው፤ እማዬ ቅዳሴ ሳታስቀድስ አልሄድም ስላለች ዘግይተን ተነሣን። ዘግይተን መነሣታችን ጠቀመን። ከያቤሎ የመጡ የአይሱዙ ሾፌሮች ቁርስ ቤት አግኝተን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅናቸው።

ከዲላ በኋላ ይርጋ ጨፌ ድረስ መንገዱ በእንሰትና በቡና መሐል ይጠማዘዛል። የአባዬ ደብተርም እዚህ ጋ ይጠቀጠቃል። ምልክቱን ለማያውቅ ሰው የመድኃኒት ማዘዣ ይመስላል፦ "ግ3 — 100 — ቀ2 ድልድይ — ቀጥ 200 — ግ1!!"። ግራና ቀኝ ግልጽ ነው። ቁጥሩ የጥምዙ ጥብቀት ነው፤ 1 ከሆነ መሪው እስኪያልቅ ትጠመዝዛለህ፣ 5 ከሆነ እግርህን ከነዳጅ ሳታነሣ ታልፋለህ። መቶ፣ ሁለት መቶ የሚለው እስከሚቀጥለው ጥምዝ ያለው ሜትር ነው። የራሊ ሾፌሮች እንዲህ ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ ያነባል። አባዬ ያንን አንባቢ "ረዳቱ" ነበር የሚለው። ልጅ ሆኜ ሳፋሪ ላይ በር ከፍቶ "ናይቫሻ፣ ናይቫሻ" እያለ ተሳፋሪ የሚጠራ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ወንድሜ ሳቀና በ40 እየነዳ እንደ ሻምፒዮን ፊቱን ኮስተር አደረገ። ትንሽ እንደ ሄድን አንድ ነገር አስተዋልኩ። "ቀኝ ሁለት" ሳልል በፊት እማዬ መያዣውን ትጨብጣለች። "ድልድይ" ሳልል ቀና ትላለች። አንድ ቦታ ላይ ገጹ ተጣብቆብኝ ስታገል፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣

"ግራ አንድ። ቀስ በል ማሙሽ፣ እዚህ ጋ ውሃ ይተኛል።"

ውሃ ተኝቷል።

ደብተሩን እንደገና አየሁት። በዕድሜዬ ሙሉ የአባዬ ጽሑፍ ነው ብዬ ሳገላብጠው ኖሬያለሁ። የአባዬ እጅ ጽሑፍ ግን ወደ ኋላ የተጋደመ ነው፤ አሸናፊዎቹን የጻፈበት። እዚህ ከፊት ያለው ቀጥ ያለ ነው፤ የ"ጠ" እግሮቿ እኩል ናቸው። በየበዓሉ የዕቁብ ሒሳብ የሚጻፍበት፣ የወፍጮ ቤት ዕዳ የሚሰላበት እጅ ነው።

"እማዬ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

ዝም አለች። ከዚያ ጋቢዋን እያስተካከለች፣ "ታዲያ እሱ እየነዳ እንዴት ይጻፍ?" አለች።

እንደ ተጋቡ ዓመት ከምናምን በጭነት መኪናው አብራው ሞያሌ ትመላለስ ነበር። እሱ ይላል፣ እሷ ትጽፋለች። ሲመለሱ ታነብለታለች። ዕቃ አውርደው ባዶ ሲመለሱ ብቻ ነው ትንሽ የሚሮጠው፤ እሷ ሳቋ እያመለጣት፣ መቁጠሪያዋ አንድ እጇ ላይ፣ ደብተሩ ሌላው ላይ። "ታዲያ ለምን ተዋችሁት?" አለ ወንድሜ። እማዬ ወደ ኋላ ዞራ በአገጯ እኔን አመለከተች። "እሷን አረገዝኩ። ከዚያ ወዲህ ስልሳ ነው።"

ከሀገረ ማርያም አለፍ እንዳልን ቺንጋው ተበጠሰ። ወንድሜ ከኋላ ሞተሩን ሲከፍት ሕፃናት ከየት እንደ መጡ ሳይታወቅ ከበቡን። አንዱ ልጅ መኪና ሲግል ምን እንደሚደረግ ያውቃልና ከየት እንዳገኘው እንጃ በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ። ቮልስ ውሃ እንደማይጠጣ፣ ሞተሩን የሚያበርደው ነፋስ እንደሆነ ስንነግረው እየቀለድንበት መሰለው። ውሃውን እማዬ ጠጣችለት።

ትርፍ ቺንጋ በመፍቻ ሳጥኑ ሥር፣ በአሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ ተገኘ። ጋዜጣው ላይ በተጋደመው እጁ "ሳትቸኩል እሰረው" የሚል ተጽፏል። ወንድሜ ጋዜጣውን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ክሪኩን ጠየቀኝ። ለቺንጋ ክሪክ አያስፈልግም። እኔም አላልኩትም፣ አቀበልኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 16 — ከያቤሎ ሞያሌ

ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ኩይሳ። መንገዱ ስለሚቀና ደብተሩም ይሳሳል፤ "ቀጥ 3000" የሚል መስመር አለ። ሌላ ቦታ "ግመል አይዞርም፣ አንተ ዙር" ይላል። ዱብሉቅ ጋ ስንደርስ ገጹ ዳር ላይ በትልቁ "ከብት — ቀንስ" ተጽፏል። ቦረናዎች በየተራ ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ቀድተው ከብት የሚያጠጡት በዚህ አካባቢ ነው። ወንድሜ ቀነሰ፤ ያገኘነው ግን ጥቂት ፍየልና አንድ ብስክሌት ነው። ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀርቶ ድርቁ ከብቱን ጨርሶታል። አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ብቻቸውን በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከፊታቸው ምንም የሚጠበቅ ነገር የለም።

ስለ ብሩ የሰማሁት ዛሬ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ "ለናይሮቢ" የሚል ፖስታ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ዓመት ለእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፈተ፣ አንድ ዓመት ለአጎቴ ለቅሶ፣ አንድ ዓመት ለጣራው ቆርቆሮ። እኔ እስከ ዛሬ የማስበው ችግራችን አስቀረው ብዬ ነበር። እማዬ ግን "ሁለት ጊዜ ሞልቶለታል፣ እኔው ራሴ ሂድ ብዬዋለሁ" አለች። "ብቻዬን አይቼ ምን ላደርገው ነው አለኝ። አራታችን እንሂድ ስለው ደግሞ ለአራት አይበቃም።"

ሞያሌ በ9 ሰዓት ገባን። መኪና ማሻገር ደብዳቤና ዋስትና ስለሚጠይቅ ቮልሷን የያዝንበት ፔንሲዮን ግቢ ውስጥ አቆምናት። ለዘበኛው አደራ ስንሰጥ "ሞተሯ የት ነው?" ብሎ የፊቱን ኮፈን አስከፈተን። ማታ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17 — ከሞያሌ ኢሲዮሎ

ሁለቱ አገሮች ኬላቸውን አንድ ላይ ስላደረጉት ፓስፖርታችን በአንድ ግቢ ሁለት ማህተም ተመታበት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በግራ ነው። አውቶቡሱ ገና እንደ ተንቀሳቀሰ ከፊት የመጣው ካሚዮን "በእኛ በኩል" ሲመስላት እማዬ አማተበች፤ ማርሳቢት እስክንደርስ አላቋረጠችም።

ከዚህ ወዲህ ያለው የደብተሩ ክፍል የአባዬ ነው፣ በሰሚ ሰሚ የተጻፈ። ድንበሩን ተሻግሮ አያውቅምና ሞያሌ የሚያገኛቸውን የኬንያ ሾፌሮች እየጠየቀ ነው የሞላው። እያንዳንዱ መስመር "ይላሉ" ብሎ ያልቃል። "እስከ ማርሳቢት 250፣ ድንጋይ ብቻ፣ ትርፍ ጎማ 2፣ ውሃ 3 ጀሪካን፣ በኮንቮይ ይሄዳሉ፣ ይላሉ።" ድሮ እውነት ነበር። ዛሬ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አስፋልት ነው፤ በአራት ሰዓት ጉዞ ማርሳቢት ደረስን። ድንጋዩ ግን አልሄደም። በዲዳ ገልገሉ ሜዳ ግራና ቀኝ፣ ዓይን እስኪታክት፣ ጥቁር ድንጋይ ተነጥፏል። በዚያ ላይ በቮልስ ቢመጣ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከሰባቱ አንዱ ይሆን ነበር?

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቡርጂ ናቸው። አያታቸው ከኢትዮጵያ መጥተው ማርሳቢት ተራራ ላይ እንደ ሰፈሩ በጥሩ አማርኛ ነገሩኝ። የአባዬን ደብተር አይተው ምንድን ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። "ባልየው መንገድ ሲጽፍ፣ ልጆቹ መንገድ ሲያነቡ" አሉና ከዘንቢላቸው ማንጎ አወጡልኝ።

ኢሲዮሎ እስክንደርስ ፓስፖርታችን ስምንት ጊዜ ታየ። ራት ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ፤ የበቆሎ ዱቄትና ጎመን፣ ጾመኛን የሚያስደስት ነው። እማዬ ኡጋሊውን ቆንጥራ ቀመሰችና ፍርዷን ሰጠች፦ "ገንፎ ነው፤ መሐሉን መጎድጎድ የረሱት።"

ረቡዕ፣ መጋቢት 18 — ናይሮቢ

ናንዩኪ ጋ የምድር ወገብ አለ። ደብተሩ "ውሃው በሰሜን ወደ ቀኝ፣ በደቡብ ወደ ግራ ይዞራል፣ ይላሉ" ይላል። አንድ ወጣት ቀዳዳ ባለው ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ላይ ክብሪት እንጨት አንሳፎ አሳየን፤ እውነትም ዞረ። ወንድሜ የአባቱ ልጅ ነው፣ ክብሪቱን ሳይሆን የልጁን ትከሻ ነበር የሚያየው። ውሃውን ሲቀዳ በየትኛው በኩል እንደሚዞር እሱ ነው የሚወስነው። የምድር መዞር ነፋስንና ውቅያኖስን እንጂ ሳህን ውሃን አይገፋም። እማዬ "ዝም በል፣ ሠርቶ ይብላ" ብላ ከፈለችው። አባዬም ያለ ጥርጥር ይከፍለው ነበር፤ ከዚያ ለአንድ ዓመት ያወራው ነበር።

ናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ ነው። ማታ ሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን በያይነቱ በላን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19 — ካሳራኒ

የዘንድሮው ሳፋሪ ዛሬ ተጀመረ፤ እዚሁ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ውስጥ አምስት ኪሎ ሜትር በማትሞላ አጭር መንገድ፣ ሁለት ሁለት መኪና እያወዳደሩ። ለዓይን ነው እንጂ ዋናው ነገ ነው። ሕዝቡ ግን! ልጅ ያዘለች፣ ዛፍ ላይ የወጣ፣ የበቆሎ እሸት የሚጠብስ።

አጠገባችን ጥምጥም ያደረጉ የሲክ እምነት ተከታይ ሽማግሌ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ወንድሜ አላስችል ብሎት "ጆጊንደር ሲንግ?" አላቸው። ፊታቸው በራ። የአባዬ ዝርዝር ላይ ይህ ስም ሦስት ጊዜ አለ፦ 1965 በቮልቮ፣ 1974 እና 1976 በሚትሱቢሺ። "በራሪው ሲክ" የሚሉት ነው፤ ኬሪቾ የተወለደ፣ ሙያው መካኒክ። በ1965 ረዳቱ የገዛ ወንድሙ ጃስዋንት ነበር፤ አንደኛ ሆነው ተነሥተው አንደኛ ገቡ። አባዬ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው እሱን ነው። ፋብሪካ ልኮት ከአውሮፓ የመጣ ሰው አይደለም፣ እጁ ግሪስ የሚያውቅ፣ ወንድሙን አጠገቡ አስቀምጦ የነዳ ሰው ነው። ሽማግሌው በዚያ ዓመት ልጅ ሆነው አባታቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው አይተውታል። ጆጊንደር በፈረንጆች 2013 ለንደን እንዳረፈ ለእኛ የነገሩን ጎረቤት መርዶ እንደሚነገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እማዬ ዳቦ ቆሎ ዘገነችላቸው።

ዓርብ፣ መጋቢት 20 — ናይቫሻ

ከናይሮቢ ወጥተን ገደሉን ስንወርድ ስምጥ ሸለቆው ከሥራችን ተዘረጋ። እማዬ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና "ይሄ የእኛው አይደለም?" አለች። የእኛው ነው። ቅዳሜ ዝዋይ ላይ የነበርንበት ስንጥቅ እስከዚህ ይወርዳል። ናይቫሻም ስንደርስ ሐይቅ፣ ጉማሬ፣ የፕላስቲክ ጣራ፣ አበባ። አንድ ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር ነድተን ዝዋይ የተመለስን መሰለን።

ቁልቁለቱ ላይ፣ ማይ ማሂዩ አጠገብ፣ ከአንድ ክፍል ቤት የማትበልጥ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። በፈረንጆች 1942 የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው የሠሯት፣ መንገዱን እየቆፈሩ ሳለ። ብዙዎቹ እኛ አገር ጦርነት ተሸንፈው የተማረኩ ናቸው። እማዬ የካቶሊክ ስለሆነች አልገባችም፣ ከደጅ ሆና አየቻት። "እኛም አገር መንገድ፣ እዚህም መንገድ" ብላ ዝም አለች።

ከሰዓት በኋላ ሎልዲያ የሚባለው ቦታ ተራራ ተደግፈን ጠበቅን። መጀመሪያ የሚመጣው ሄሊኮፕተር ነው፤ መንገዱ ላይ እንስሳ እንዳይኖር ከላይ ሆኖ ያያል። ከዚያ የሜዳ አህያዎቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ከዚያ ድምፅ፤ ሩቅ፣ ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ። ከዚያ አቧራ፣ በመጨረሻ መኪና። እዚህ ያለው አፈር እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው፤ ጎማ ሲገባበት ይሰምጣል፣ ሞተር ሲተነፍሰው ያንቀዋል። ስለዚህ መኪኖቹ አየር የሚስቡት በመስታወቱ ጎን እስከ ጣራ በወጣ ቱቦ ነው። "ነፍጥ የያዙ ይመስላሉ" አለች እማዬ።

አንዱ መኪና ካጠገባችን አርባ ሜትር በማይሞላ ርቀት ጥምዙን በጎኑ እየተንሸራተተ ዞረ። በዚያ ቅጽበት መስታወቱ ውስጥ አየሁት፤ ሾፌሩን ሳይሆን ረዳቱን። ወደ መንገዱ እንኳ አይመለከትም። አንገቱን ደፍቶ ደብተር ያነብባል። እማዬም አይታዋለች መሰለኝ፣ እጄን ይዛ ነበር።

"ቀኝ ሁለት" አለች፣ ለራሷ። "ቀኝ ሁለት ነው ይሄ።"

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

እማዬን አቧራው አሳላት፤ ከእሷ ጋር ሐይቁ ዳር ዋልኩ። ወንድሜ የዛሬው ውድድር ወዳለበት ኤልመንታይታ ሄዶ ማታ ሐውልት መስሎ መጣ፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

እሑድ፣ መጋቢት 22 — ሄልስ ጌት

ኬንያ ዛሬ ትንሣኤ ነው፤ እኛ ገና መፃጉዕ ላይ ነን። እማዬ ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ "መፃጉዕም 38 ዓመት ነው የጠበቀው፣ የሚያወርደው ሰው አጥቶ" አለች። ወንድሜ "አባዬኮ የሚያወርደው አላጣም፤ እሱ ነው ያልወረደው" አላት። "እሱስ ልክ ነህ" አለች።

የመጨረሻው ውድድር ሄልስ ጌት በሚባለው የዱር እንስሳት ፓርክ፣ በቀይ ገደሎች መሐል ነው። አሸናፊው ፊንላንዳዊው ካሌ ሮቫንፔራ፣ በቶዮታ ያሪስ። እማዬ "የጎረቤታችን ያሪስ?" አለች፤ ስሙ ነው እንጂ ሌላ ነገር ነው ብንላት አላመነችም። ጃፓናዊው ካትሱታ ሁለተኛ፣ ፈረንሳዊው ፉርሞ ሦስተኛ ሆኑ። ሮቫንፔራ ገና 23 ዓመቱ ነው። አባቱ ሃሪም የራሊ ሾፌር ነበር፤ እዚሁ ሳፋሪ ላይ በ2002 ሁለተኛ ወጥቷል። ከዚያ ዓመት በኋላ ሳፋሪ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። የአባዬም ዝርዝር እዚያ ላይ ቆሞ እስከ 2021 አንድ ቃል ብቻ አለው፦ "የለም"። ሲመለስ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና "2021 — ኦዢዬ" እና "2022 — ሮቫንፔራ ልጅየው" የሚሉት ፊደሎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። "ልጅየው" ብሎ የጻፈው አባትየውን ስለሚያውቅ ነው።

ወንድሜ የጎደሉትን ሁለቱን ዓመታት ሊጽፍ እስክሪብቶ አወጣ። "2023 — ኦዢዬ" ብሎ ጻፈ። 2024ን ግን እማዬ ደብተሩን ወስዳ ራሷ ጻፈችው፣ "ጠ" የሌለበት ስም ቢሆንም በዚያው ቀጥ ባለ እጇ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 25 — ከሞያሌ ወደ ቤት

ሁለት ቀን በአውቶቡስ አልፎ ሞያሌ ተመለስን። ዘበኛው ቮልሷን አጥቦ አብረቅርቋታል፤ ባትሪዋ ግን ሞቷል። አምስት የባጃጅ ሾፌሮች ገፉልንና በሁለት ማርሽ ተነሣች።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ደብተሩን ገልጬ "ግራ ሦስት" አልኩ። መንገዱ ወደ ቀኝ ዞረ። ወንድሜ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

"ምን ታነቢያለሽ አንቺ?" አለች እማዬ። "ሲመለሱ ከታች ወደ ላይ ነው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። አምጪው።"

ደብተሩን ተቀብላኝ መነጽሯን አደረገች። የሚበዛውን ግን ሳታይ ነበር የምትለው። ቀኝ ሦስት። ቀጥ ሦስት ሺህ። ወንድሜ አንዴ መስታወቱን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ የፍጥነት መለኪያውን አየ። ስልሳ፣ ስልሳ አምስት። እማዬ ምንም አላለችውም። ሰባ።

"ዱብሉቅ" አለች። "ከብት። ቀንስ።"

ቀነሰ። መንገዱ ላይ አንድም ከብት አልነበረም።